የአባቴ ቫዮሊንና ታፔላ የሌለው ቤት

ዋናውን ላስቀድም። ቫዮሊናችሁ ተሰንጥቆ፣ ድምፁ ታፍኖ ወይም መቃኛው አልይዝ ብሎ ግራ ከገባችሁ፣ ከአምስት ኪሎ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሰው አለ። ይጠግናል። በዓመት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ቫዮሊን ደግሞ ራሱ ይሠራል። ታፔላ የለውም፣ ቲክቶክ የለውም፣ ሥራ ላይ ከሆነ ስልክም አያነሳም። የአባቴን ቫዮሊን ወስጄለት አምስት ሳምንት ጠብቄ፣ 11,400 ብር ከፍዬ ተረክቤያለሁ። ዋጋውንም ጥበቃውንም እነግራችኋለሁ። ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሰውዬው የተማረበት መንገድ ነው። በቫዮሊኑ ላይ ያየሁት እያንዳንዱ ሥራ ማለት ይቻላል ከአራቱ አስተማሪዎቹ ከአንዱ የመጣ ነው፤ እሱም ይህን ሳይናገር አያልፍም።

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ቫዮሊኑን የገዛው በ1974 ዓ.ም. ነው። አብሮት ያስተምር የነበረ የውጭ አገር ሰው ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሸጠ፤ አባቴም 300 ብር ሰጥቶ ወሰደው። ከወር ደመወዙ ከግማሽ በላይ ነበር። እናቴ ሁለት ሳምንት አኩርፋዋለች። መጫወት የተማረው በራሱ ነው፤ እሁድ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ በትዝታ ቅኝት ይጫወት ነበር። በኤፍ ቅርጽ ቀዳዳው አጮልቃችሁ ስታዩ ውስጡ የተለጠፈ ቢጫ ወረቀት አለ። «አንቶኒዮስ ስትራዲቫሪዩስ» ይላል፤ የታወቀው ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ የስትራዲቫሪ ስም ነው። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር በባትሪ እያበራ ያሳይ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አረፈ። ቫዮሊኑን ማንም ሊነካው አልደፈረም። ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለው ኮርኒስ ነው፣ ከዚያ በላይ ቆርቆሮ። ስንት በጋ እዚያ እንደተጠበሰ አሁን ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

ያወረድነው ልጄ 13 ዓመት ሞልቷት፣ መምህሯ «አሁን ሙሉ መጠን ያስፈልጋታል» ሲላት ነው። ሳጥኑን ስንከፍት ከኤፍ ቀዳዳው ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ። ክሮቹን ከላይኛው ሳንቃ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ እንጨት፣ ብሪጁ፣ ተጋድሟል። የደጋኑ ጭራ ግማሹ ረግፏል።

በመጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነበር። ስሙን አልጠቅስም። በሦስት ቀን ጨርሰው ሰጡኝ፤ 2,500 ብር። ስንጥቁን በነጭ ኮላ ሞልተው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ላዩን ቀለም ቀብተውታል። ሲያዩት ያበራል። ልጄ ስትጫወትበት ግን በቀጭኑ ክር ላይ ዝንብ እንደገባበት ጠርሙስ ይንዛል። በሦስተኛው ወር ከተሞላው ስንጥቅ ጎን ሌላ ስንጥቅ ተከፈተ። ያን ቀን አለቀስኩ። ዕቃ ስለተበላሸ ብቻ አይደለም፤ የአባቴን ነገር በችኮላ ለማያውቅ እጅ አሳልፌ ስለሰጠሁ ነው።

ወደዚህኛው ቤት የላከን የልጄ መምህር ነው። ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ሄድን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሦስት በአራት ቢሆን ነው። መስኮቱ ወደ ሰሜን ያያል። ቀጥታ ፀሐይ ብዙም ስለማይገባ የእንጨቱን ጥላ በደንብ አያለሁ ይላል። ጣሪያው ሥር በተወጠረ ሽቦ ላይ ቫዮሊኖች በአንገታቸው ተንጠልጥለዋል። አንዱ ገና ነጭ ነው፣ ቀለም ያልነካው። ግድግዳው ላይ አንድ ያረጀ ማሲንቆ አለ። ክፍሉ የሙክት እግር ሲቀቀል የሚሸት ዓይነት ሽታ አለው። ኋላ ነው የገባኝ፤ የቆዳ ሙጫ በሁለት ድስት፣ አንዱ ውኃ በያዘው ሌላው ውስጥ ተቀምጦ፣ በዝግታ እየሞቀ ነበር።

ሰውዬው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ይመስለኛል። ተማሪዎች «ጋሼ» ይሉታል፤ እኔም ጋሼ አልኩት። ሳጥኑን ስሰጠው ቶሎ አልከፈተውም።

«ማን ነበር የሚጫወትበት?» አለኝ።

«አባቴ።»

«ነፍስ ይማር። አሁንስ?»

ወደ ልጄ ጠቆምኩ። የግራ እጇን አስዘርግቶ ጣቶቿን አየ። ከዚያ በኋላ ነው የከፈተው።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማንኳኳት ነው። በጣቱ አንጓ የቫዮሊኑን ዳር ዳር ቀስ እያለ መታ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ልቅ ሆነ፣ እንደተሰነጠቀ ጀበና። «ሰማሽ?» አላት ልጄን። «እዚህ ሙጫው ለቋል።» ሦስት ቦታ አገኘ። ዓይን አያየውም፤ ጆሮ ግን ይሰማዋል።

«ይህን ያስተማረኝ አጎቴ ነው» አለ። የመጀመሪያው አስተማሪ ስም በዚህ መንገድ ወደ ክፍሉ ገባ።

አጎቱ ሰሜን ሸዋ ማሲንቆ ይሠሩ ነበር። ጋሼ ልጅ እያለ ሥራው ጭራ መምረጥ ነበር። የማሲንቆ ክሩም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ስለዚህ በአጎቱ ቤት ጭራ እንደ ጤፍ ይለቀማል። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ይዞ የተጠማዘዘውን፣ የሳሳውን፣ ጫፉ የተሰነጠቀውን ይጥላል። የወንድ ፈረስ ጭራ ይሻላል፤ የባዝራዋን ጭራ ሽንቷ ስለሚነካው ይበላሻል። አጎቱ የማሲንቆው ሳጥን ላይ ርጥብ የፍየል ቆዳ ወጥረው እስኪደርቅ ሲጠብቁ በየሰዓቱ ጠርተውት በጣቱ ያስመቱት ነበር። «አሁንስ ምን ይላል?» ይሉታል። መልሱ ትክክል ካልሆነ ሌላ ቃል አይጨምሩም፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይጠሩታል።

የደጋናችንን ጭራ ሲቀይር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንድ የቫዮሊን ደጋን ከ150 እስከ 200 የሚደርስ ጭራ ይይዛል። ጋሼ ነዶውን በጥርሱ ይዞ፣ በማበጠሪያ እያበጠረ፣ ወደ መስኮቱ አቅንቶ ይመለከታል። አንዷን ይመዛል፤ ይጥላል። ሌላዋን ይመዛል፤ ይጥላል። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው። ወለሉ ላይ የወደቁትን ቆጠርኳቸው፤ 23። በማሲንቆ ላይ እጣን ይታሻል፣ በቫዮሊን ላይ ሮዚን፤ ሁለቱም ከዛፍ የሚወጣ ሙጫ ናቸው፣ ሥራቸውም ጭራው ክሩን እንዲይዘው ማድረግ ነው። «አጎቴ ቫዮሊን አይተው አያውቁም» አለኝ፤ «ግን ግማሹን ቫዮሊን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ወረቀቱን ደግሞ እንዴት እንደነገረኝ ልንገራችሁ፤ ይህን ያህል ጨዋ አነጋገር በባለሙያ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እኔ እንደ አባቴ «ስትራዲቫሪዩስ ነው የሚለው» አልኩት። አልሳቀም። እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ ይህን ወረቀት የለጠፉ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። በጀርመን ማርክኖይኪርሽን የምትባል ከተማ አለች፤ እሷና አካባቢዋ በብዛት እየሠሩ ወደ ዓለም ሁሉ ይልኩ ነበር። ወረቀቱ የማንን ቅርጽ እንደተከተሉ ነው የሚናገረው።» ከዚያ ስልኩን አብርቶ በቀዳዳው ውስጥ አሳየኝ። በወፍራሙ ክር በኩል፣ ከላይኛው ሳንቃ ሥር፣ በቁመት የሚሄድ ዘንግ አለ። በደንብ በተሠራ ቫዮሊን ይህ ዘንግ ለብቻው ተሠርቶ ይለጠፋል። በአባቴ ቫዮሊን ግን ከሳንቃው ራሱ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ይህ ጊዜ ለመቆጠብ ያኔ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ልቤ ትንሽ ደነገጠ። እሱ ግን ቀጠለ፦ «ሳንቃው ስፕሩስ የሚባል ጥሩ እንጨት ነው። መስመሩን እዪው፣ ቀጥ ያለ ነው። አባትሽ አልተታለሉም። በ300 ብር ይህን ዛሬ አታገኚም።»

ዳሩን የሚዞረው ቀጭን ጥቁር መስመር አለ አይደል? ጋሼ «ጥለት» ይለዋል፣ እንደ ነጠላ ጥለት። እኔ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ጌጥም ነው፤ ግን ከዳር የሚነሳ ስንጥቅ ወደ መሃል እንዳይሮጥም ያቆመዋል። በርካሽ ቫዮሊኖች ላይ በቀለም ብቻ ይሰመራል። የአባቴ በእንጨት የተከተተ ነው። ይህን ሲነግረኝ ፊቴ በርቶ ሳይሆን አይቀርም፤ ፈገግ አለ።

ከዚያ ከደብተር ቅጠል ቀዶ ዝርዝር ጻፈልኝ። ላይኛውን ሳንቃ ማንሳት፣ ኮላውን ማጽዳት፣ ስንጥቆቹን መዝጋት 6,500። አዲስ ብሪጅ 1,800። ነፍስ፣ ማለትም ሆዱ ውስጥ የምትቆመው ትንሽ እንጨት፣ 900። የደጋን ጭራ 2,200። ሥሩ ደግሞ የማይሠራውን ጻፈ። ዘንጉን አልቀይረውም፤ ወጪው ከቫዮሊኑ ዋጋ በላይ ይሆናል። ቀለሙን እንደ አዲስ አላደርገውም። የድሮው ቀለም ይቆይ። የማይሠራውን ጽፎ የሚሰጥ ባለሙያ እኔ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

በቀጣዮቹ ቅዳሜዎች እየሄድኩ ሥራውን አይ ነበር። አልከለከለኝም። አንድ በርጩማ አለችው፣ እዚያ ላይ ቁጭ እላለሁ።

ሁለተኛው አስተማሪ አናጺ ነው፤ ፒያሳ የቤት ዕቃ የሚሠራ። ጋሼ በ16 ዓመቱ አዲስ አበባ መጥቶ እሱ ዘንድ ተቀጠረ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ወራት ሥራው ሁለት ነበር፤ መጥረግና ስለት መሳል። መሮ፣ መላጊያ፣ ቢላ፣ ሁሉንም በመሳያ ድንጋይ ላይ። አናጺው ስለቱን የሚፈትነው በክንዱ ፀጉር ላይ ነው። ካልላጨ ይመልሰዋል። «ሰባት ወር እንጨት አልቆረጥኩም» አለኝ ጋሼ፤ «ሳለቅስ አይቶኝም አልፏል።» ያኔ ጠልቶት ነበር። አሁን የዚያ ሰው መላጊያ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ በላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አናጺው ከሞተ ቆይቷል። ቤቱም በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲነሳ አብሮ ፈርሷል።

የዚያን ሰባት ወር ፍሬ በብሪጁ ላይ አየሁት። ብሪጅ ተዘጋጅቶ አይመጣም፤ ወፍራም ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ለእያንዳንዱ ቫዮሊን እየተቆረጠ ነው የሚገጠመው። የላይኛው ሳንቃ ጎበጥ ያለ ነው። ሁለቱ የብሪጅ እግሮች ያን ጉብታ እንደ ቆዳ ተከትለው መቀመጥ አለባቸው። ጋሼ ሳንቃው ላይ ጠመኔ ይቀባል፤ ብሪጁን ያስቀምጣል፤ ያነሳዋል፤ እግሩ ላይ ጠመኔ የነካበትን ቦታ ብቻ በቢላ ይልጣል። እንደገና። እንደገና። ሃያ ጊዜ ሳያደርገው አልቀረም። መጨረሻ ላይ የሲጋራ ወረቀት አምጥቶ ከእግሩ ሥር ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባም። አንዷን ልጣጭ አንስቼ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኳት። በሷ ውስጥ ፊደሉን አነበብኩት።

ከአናጺው ሌላም ነገር ወርሷል፤ ቃላት። የአዲስ አበባ አናጺ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ ይላል፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ይህ ኋላ ባልጠበቀው መንገድ ጠቅሞታል፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው የቫዮሊን መምህር ነው። ጋሼ አንድ ትምህርት ቤት ወንበር ሊጠግን ተጠርቶ ሄደ። ወንበሮቹ የተከመሩበት ክፍል ጥግ ላይ አንገታቸው የተሰበረ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ቫዮሊኖች አየ። «እነዚህንም ልሞክር?» አለ። መምህሩ እምቢ አሉት። ለሁለት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ማታ እየመጣ መጫወት ከተማረ ግን አንዷን እንደሚሰጡት ነገሩት። ተማረ። ገንዘብ አልተቀበሉትም። «ሳይቀምሱ ወጥ ማውጣት የለም» ይሉት ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ በዓል ሲሆን ሄዶ ይጠይቃቸዋል።

ቫዮሊን የሚጠግን ሰው ማግኘት በከተማችን ትልቅ ነገር ነው። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከዚያ ጀምሮ ስንትና ስንት ቫዮሊን ተጫዋች ወጥቷል። ተጫዋች በበዛ ቁጥር የሚሰበር ቫዮሊንም ይበዛል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ፣ በጋው ደረቅ፣ ክረምቱ ርጥብ ነው። በጋ እንጨቱ ይኮማተራል፤ መቃኛው እየተንሸራተተ ክሩ ይላላል፣ ሙጫው በዳር በዳር ይለቃል። ክረምት ደግሞ መቃኛው አብጦ አልዞር ይላል። ጋሼ ይህን ለደንበኞቹ ሁሉ ይነግራል። ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡ፣ መኪና ውስጥ አትተዉ፣ ከወለሉ አጠገብ ያለ የቁም ሳጥን መሳቢያ ይሻላል። አሁን የአባቴ ቫዮሊን ከአንሶላዎቹ ጎን ነው የሚያድረው።

አራተኛዋ ከክሬሞና የመጣች ሴት ናት። ክሬሞና በሰሜን ኢጣሊያ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አንድሬያ አማቲ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ቫዮሊን ሠራ፤ ልጆቹ ተከተሉት፤ የልጅ ልጁ ኒኮሎ ደግሞ ሌሎችን አስተማረ። ስትራዲቫሪ በ1737 እ.ኤ.አ. እስኪሞት የሠራው እዚያው ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. የቫዮሊን ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተባት። የከተማዋ የቫዮሊን አሠራር በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሴትየዋ ያን ትምህርት ቤት የጨረሰች ናት። በ2003 ዓ.ም. የተማሪዎችን መሣሪያ ልትጠግን ለስድስት ሳምንት መጣች፤ የቫዮሊን መምህሩ ጋሼን ረዳት አድርገው ሰጧት። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። የመጀመሪያ ቀን እጇን ዘርግታ «ሞርሳ» አለች። ሰጣት። ቀና ብላ አየችው። «ካቻቪቴ?» አለች። ሰጣት። ይህን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል።

እሷ ያስተማረችው ትልቁ ነገር መክፈት ነው። ነጭ ኮላ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም፤ በጉልበት ሊያስለቅቁት ሲሞክሩ እንጨቱ ራሱ ይቀደዳል። የቆዳ ሙጫ ግን ሙቀትና ርጥበት ሲያገኝ ይለቃል፤ ከመቶ ዓመት በኋላም። ስለዚህ ቫዮሊን ሁልጊዜ ሊከፈት፣ ሊታከም፣ ሊዘጋ ይችላል። የላይኛውን ሳንቃ የሚይዘው ሙጫ እንዲያውም ሆን ተብሎ ይቀጥናል። እንጨቱ በድርቀት ሲኮማተር ሳንቃው ከሚሰነጠቅ ሙጫው ቢለቅ ይሻላል። ሴትየዋ አንድ አሮጌ ቫዮሊን ሰጥታው ሳንቃውን አሥራ አንድ ጊዜ አስከፍታ አሥራ አንድ ጊዜ አስዘግታዋለች። በአሥራ ሁለተኛው «ባስታ» አለችው፤ በቃ ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ጠርታው ሦስት ወር ክሬሞና በሷ ቤት ሠርቷል። ትምህርት ቤቱን ግን አልተማረም፤ ማንም ቢጠይቀው ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። ዛሬም የከበደው ነገር ሲገጥመው በቴሌግራም ፎቶ ይልክላታል።

የኛን ሲከፍት ነበርኩ። ከሽንኩርት መላጫ የማይበልጥ የሳሳ ቢላ በስፌቱ መሃል አስገብቶ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ገፋ። ሙጫው በለቀቀ ቁጥር ትንሽ «ጭጭ» የሚል ድምፅ አለው። ኮላው ያለበት ጋ ሲደርስ ቆመ። ሞቅ ያለ ውኃ በቀጭን ብሩሽ እየነካ፣ እየጠበቀ፣ በእንጨት ስንጥር እየፋቀ፣ ያን አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ ለማጽዳት ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ቀደም ብሎ የሠራውን ሰው አንድ ቀን አልሰደበም። ከዚያ ስንጥቁን በቆዳ ሙጫ ዘግቶ፣ ከውስጥ በኩል የጥፍር ያህል ቀጫጭን የእንጨት ቁራጮች በስንጥቁ ላይ አሻግሮ ለጠፈ። አምስት ናቸው። ሳንቃው ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ነው ውፍረቱ። በእጄ ይዤው ነበር። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያ እንደሚወጣ ማመን ያቅታል።

የመጨረሻው «ነፍስ» ነው። በቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ፣ ከላይኛው ሳንቃ እስከ ታችኛው የቆመች፣ ስድስት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያላት እንጨት ናት። በሙጫ አትያዝም። በሁለቱ ሳንቃዎች መሃል ተጨንቃ ብቻ ነው የምትቆመው፤ ቦታዋ በቀጭኑ ክር በኩል ከብሪጁ እግር ጥቂት ወደ ኋላ ነው። ጣሊያኖች «አኒማ» ይሏታል፤ ነፍስ ማለት ነው። ጋሼም ነፍስ ይላታል። አራቱ ክሮች ተወጥረው የሚስቡት ከ20 ኪሎ በላይ ነው፣ ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ዕቃ ላይ። የዚያ ክብደት ከፊሉ በብሪጁ በኩል ወደ ታች ይጫናል፤ ነፍስ ሳንቃውን ትደግፋለች፣ ንዝረቱንም ወደ ታችኛው ሳንቃ ታደርሳለች።

እንደ «ኤስ» በተጠማዘዘ ብረት ጫፍ ላይ ነፍስን ወግቶ በኤፍ ቀዳዳው አስገባት። በጥርስ ሐኪም መስታወት አይቶ አቆማት። ክሮቹን ወጠረ። ልጄን «ተጫወቺ» አላት። ተጫወተች። ደህና ነው አልኩ እኔ። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ብረቱን አስገብቶ ምናልባት የፀጉር ያህል ገፋ። «ድገሚ።» ደገመች። የወፍራሙ ክር ድምፅ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ሰው ተንጠራራ። ይህን ያሰብኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ የልጄ ፊት ነገረኝ። አምስት ጊዜ ተደጋገመ። ከዚያ ራሱ ቫዮሊኑን ወስዶ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ አራቱንም ቅኝት በእያንዳንዱ ክር ላይ አስኬደ። አንቺሆዬ ላይ ዘገየ። ድምፆቹ ተጠጋግተው ስለሚሄዱ የደከመ ቦታ ካለ እዚያ ይጋለጣል ይላል። ይህን የትኛው አስተማሪ እንዳሳየው ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና «ይህስ የኔ ነው» አለ።

ቅር ያሉኝም ነገሮች አሉ። ሦስት ሳምንት ብሎኝ አምስት ሆነ። ሁለቱ ሳምንታት በኮላው እንደተበሉ ይገባኛል፤ ግን ደውሎ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ስልክ አያነሳም ያልኩት የምሬን ነው፤ አንድ ረቡዕ ከሥራ አስፈቅጄ ሄጄ ዝግ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ደረሰኝ የለውም። ክር አይሸጥም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ፈልጋችሁ ማስመጣት አለባችሁ፤ እኛም ዘመድ አስቸገርን። ለፈተና ወይም ለኮንሰርት ተጣድፋችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ቀኑን ካልነገራችሁት በራሱ ሰዓት ነው የሚሠራው። ዋጋው ለኛ ኪስ ቀላል አይደለም። ግን ለመጀመሪያው ጥገና የከፈልኩት 2,500 ብር ከጥፋት በቀር ምንም አልገዛልኝም። ተማሪ ከሆናችሁ መታወቂያ አሳዩት፤ የነፍስና የብሪጅ ሥራ በግማሽ ዋጋ ይሠራል። ክፍያ በቴሌብር ይቀበላል።

የተረከብን ቀን ያ ነጭ ቫዮሊን ከሽቦው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ላይኛው ስፕሩስ ነው፣ ከክሬሞናዋ ሴት የተላከ። ጀርባው ግን ሜፕል መሆን ሲገባው ዋንዛ ነው። መቃኛዎቹ ወይራ ናቸው። ሳንቃው ገና አልተዘጋም። ውስጡ፣ ወረቀት የሚለጠፍበት ቦታ ላይ፣ በጥቁር ቀለም በእጅ የተጻፈ አለ። ስትራዲቫሪ በ1666 እ.ኤ.አ. በሠራው ቫዮሊን ወረቀት ላይ ራሱን «የኒኮሎ አማቲ ተማሪ» ብሎ ጽፏል፤ ይህን ጋሼ ነው የነገረኝ። የሱ ወረቀት ላይ አራት ስሞች አሉ፤ የአጎቱ፣ የአናጺው፣ የመምህሩና የሴትየዋ፣ በተማረበት ቅደም ተከተል። የራሱ ስም ከሥር ነው፣ በትንሽ ፊደል። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም። የአጎቱን ስም ግን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ዝም ብሎ አዳመጠ።

የአባቴን ወረቀት አልነካውም። ከጎኑ የጥገናውን ቀን በእርሳስ ጽፏል። ልጄ ቤት እንደገባን የስልኳን መብራት አብርታ በቀዳዳው አየች፤ ከዚያ እናቴን ጠርታ አሳየቻት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ብትሄዱ አታጡትም። ሰኞ አይሠራም። ትክክለኛውን በር እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ብቻውን ስለሚሠራ ሰው ከበዛበት እጁ ይጣደፋል። በከተማው ቫዮሊን የሚማር ማንኛውንም ልጅ ብትጠይቁ ያደርሳችኋል። በሩ አረንጓዴ ነው፣ ከፊቱ የኮባ ተክል አለ። ቫዮሊኑን በሳጥኑ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ክሮቹን ላላ አድርጋችሁ ውሰዱለት። እኛ በጥር እንመለሳለን፤ ብሪጁን በደረቁ ወር አንድ ጊዜ ማየት አለብኝ ብሏል።